መንግሥትን መክሰስ፦ የአንዲት ልጅ መዝገብ ከአርሲ እስከ ባንጁል

ልጅ ጠልፎ የወሰደ ሰው፣ በኋላ ካገባት አይከሰስም ነበር። ይህ የጥንት ታሪክ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 558 ውስጥ የነበረ ነገር ነው፤ ያ ሕግ ደግሞ እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ ሲሠራበት ቆይቷል። ብዙዎቻችን ተወልደን፣ አድገን፣ እህቶቻችን ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ እናቶቻችን ልባቸው እየተሰቀለ በር በሩን ሲያዩ፣ የአገሪቱ ሕግ ለጠላፊው መውጫ ቀዳዳ ትቶለት ነበር ማለት ነው። ሕጉ ጋብቻው በልጅቷ ነጻ ፈቃድ መሆን አለበት ይላል። ግን ተጠልፋ፣ ተደፍራ፣ በጠላፊዋ ዘመዶች ቤት ተዘግቶባት የተቀመጠች ልጅ የምን ነጻ ፈቃድ አላት?

ዛሬ የምጽፈው የተገፉ ሰዎች ሕግን እንዴት መጠቀም እንደሚችሉ ነው። ጉልበት የሌላቸው፣ ዘመድ የሌላቸው፣ «አንተን ማን ይሰማሃል» እየተባሉ የኖሩ ሰዎች። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» እየተባልን ነው ያደግነው። መንግሥት ግን ይከሰሳል። ተከሶም ተፈርዶበታል። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት ከአንድ መዝገብ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም፤ ስለዚህ በእሱ ልጀምር። የልጅቷን ስም አልጽፍም። በሰነዶች ላይ አለ፣ እኔ ግን እዚህ ማምጣቱ አያስፈልገኝም።

መጋቢት 1993 ዓ.ም. ነው። አርሲ ዞን። ልጅቷ 13 ዓመቷ ነው። አንድ ሰው ከግብረ አበሮቹ ጋር ሆኖ ጠለፋት፣ ደፈራት። ፖሊስ ደርሶ አስጣላት፣ ሰውየውም ታሰረ። እስከዚህ ድረስ ሕግ ሥራውን የሠራ ይመስላል። ከዚያ ሰውየው በዋስ ተለቀቀ። ወጥቶ ምን አደረገ? ያችኑ ልጅ እንደገና ጠለፋት። ደበቃት። በዚያ መሃል የጋብቻ ውል ላይ በግድ አስፈረማት። በመጨረሻ እሷው አምልጣ ወጣች።

እዚህ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። የ13 ዓመት ልጅ በጉልበት የያዘ ሰው ፊርማ ምን ያደርግለታል? አንቀጽ 558ን ያነበበ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ያ ወረቀት ከእስር ማምለጫው ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ጋብቻ በተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት በአንቀጽ 34 ደንግጓል፤ አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶችን የሚጨቁኑ፣ በአካላቸውና በአእምሯቸው ላይ ጉዳት የሚያደርሱ ሕጎችና ልማዶች የተከለከሉ ናቸው ይላል። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ሁለት ሕግ ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንዱ ልጅቷን ይጠብቃል፣ ሌላው ጠላፊውን። ገጠር ያለው ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያውቅ መገመት አያቅትም።

ሐምሌ 1995 ዓ.ም. የጉና ወረዳ ፍርድ ቤት ፈረደ። ዋናው ተከሳሽ 10 ዓመት፣ አራቱ ግብረ አበሮቹ እያንዳንዳቸው 8 ዓመት። የወረዳ ዳኛ፣ የጠላፊው ወገን በሚኖርበት አገር ተቀምጦ፣ ይህን መፍረዱ ቀላል ነገር አይደለም። ሁሌም ይህን ጉዳይ ሳነሳ ያንን ፍርድ ቤት በክብር ነው የማነሳው።

ግን አልቆየም። ኅዳር 1996 ዓ.ም. የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ምክንያቱ? ድርጊቱ በፈቃዷ የተፈጸመ ይመስላል የሚል ነበር። አምስቱም ተፈቱ። ከዚያ በኋላ በክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ተባለ፣ አልተሳካም። ጉዳዩ እስከ ፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ ሄደ፣ እዚያም በሩ ተዘጋ።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል። ከሰበር በላይ የት ይኬዳል? ለእግዜር ሰጥቶ መቀመጥ ነው። ልጅቷ ግን ብቻዋን አልነበረችም። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አብሯት ነበር፤ ኢኳሊቲ ናው የተባለ ዓለም አቀፍ የሴቶች መብት ድርጅትም እንዲሁ። ሁለቱ ሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 ጉዳዩን ጋምቢያ፣ ባንጁል ወደሚገኘው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ወሰዱት። የመዝገቡ ቁጥር 341/2007። ከሳሽ ሁለቱ ድርጅቶች፣ ተከሳሽ የኢትዮጵያ መንግሥት።

ይሄ ኮሚሽን ምንድን ነው? የአፍሪካ አገሮች የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር የሚባል ስምምነት አላቸው። ኢትዮጵያ በ1990 ዓ.ም. ተቀብላዋለች። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 9 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ስለዚህ ቻርተሩ የውጭ ሰዎች ወረቀት ሳይሆን የራሳችን ሕግ ነው። ኮሚሽኑ ስምምነቱን የፈረመ መንግሥት ቃሉን ሲያጥፍ አቤቱታ ይቀበላል። አቤቱታ ለማቅረብ ተጎጂው ራሱ መሆን አያስፈልግም፣ ድርጅትም ማቅረብ ይችላል። ይህ ለተገፉ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም አርሲ ገጠር ያለች ልጅ ባንጁል ድረስ ሄዳ ልትከራከር አትችልም።

አንድ ከባድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ። ኮሚሽኑ «መጀመሪያ በአገርህ ያለውን በር ሁሉ አንኳኳ» ይላል። ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል፣ ሰበር፤ ሁሉንም ሞክረህ እንዳልሆነ በማስረጃ ማሳየት አለብህ። መፍትሔው ያለ ቅጥ ሲጓተት ወይም ጭራሽ የማይገኝ ሲሆን ነው ነገሩ የሚለየው። የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ያለው እዚህ ነው። ልጅቷ በአገር ውስጥ በየደረጃው መሸነፏ፣ እያንዳንዱ ሽንፈት ደግሞ ማኅተም ባለው ወረቀት ላይ መስፈሩ፣ ባንጁል ላይ በሩን የከፈተላት ቁልፍ ሆነ። ጠበቆቿ ከዞኑ ፍርድ ቤት በኋላ «ዋጋ የለውም፣ ያው ነው መልሱ» ብለው ቢተዉት ኖሮ ኮሚሽኑ «አገር ውስጥ ሳትጨርሱ ለምን መጣችሁ» ብሎ ይመልሳቸው ነበር። እንደምትሸነፍ እያወቅክ ይግባኝ ማለት ሞኝነት የሚመስለው የመጨረሻው ማቆሚያ ሰበር ነው ብለህ ስታስብ ነው።

ሌላ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። የደፈራት ሰውየው ነው፣ መንግሥት ምን አደረገ? ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱም የዚህ ዓይነት ክርክር ሁሉ አንጓ ነው። ዘበኛ ተቀጥሮ በር ላይ ቆሞ ሌባ ሲገባ ዝም ካለ፣ «የሰረቅኩት እኔ አይደለሁም» ማለቱ አያድነውም። መንግሥትም ሁለት ግዴታ አለበት፤ ራሱ አለመበደል፣ ሌላው እንዳይበድልም መጠበቅ። ጠላፊው በዋስ ሲወጣ ለልጅቷ ምንም ጥበቃ አልተደረገላትም፣ ለዚህ ነው ሁለተኛ የተጠለፈችው። ከዚያ ፍርድ ቤቱ የ13 ዓመት ልጅን «ፈቅዳ ነው» ብሎ ወንጀለኞቹን ለቀቀ፣ በላይ ያሉትም አላረሙትም። ፖሊስም ፍርድ ቤትም የመንግሥት እጅ ናቸው። የእነሱ ጥፋት የመንግሥት ጥፋት ነው።

ኮሚሽኑ በ2008 ዓ.ም. ወሰነ። መንግሥት የልጅቷን ክብር፣ የአካል ደኅንነቷን፣ ነጻነቷን፣ የሕግ ጥበቃ የማግኘትና በፍርድ ቤት የመሰማት መብቷን ጥሷል አለ። 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሳ እንዲከፈላት አዘዘ። ከካሳው በተጨማሪ መንግሥት የጠለፋ ጋብቻንና አስገድዶ መድፈርን የሚከላከል ጠንከር ያለ እርምጃ እንዲወስድ፣ አጥፊዎችን በትጋት እንዲከስ፣ ዳኞችንና የፍትሕ ሠራተኞችን እንዲያሠለጥን፣ ምን እንደሠራም ሪፖርት እንዲያቀርብ አዘዘ። ይህ ሁለተኛው ክፍል ነው የአንዲትን ልጅ ጉዳይ የብዙዎች የሚያደርገው። ካሳው የእሷ ነው፤ ትእዛዙ ግን ነገ ለምትጠለፈውም ነው።

አንድ ያልተዋጠልኝ ነገር አለ። ከሳሾቹ «ይህ የሆነው ሴት ስለሆነች ነው፣ አድልዎ ነው» ብለው ተከራክረው ነበር። ኮሚሽኑ ይህን አልተቀበለውም። እኔ ግን ጠለፋ በሴትነት ላይ የሚፈጸም በደል ካልሆነ ምን እንደሆነ አላውቅም። ወንድ ልጅ ተጠልፎ፣ ተደፍሮ፣ ከዚያ የጋብቻ ውል ላይ አስፈርመውት «ፈቅዶ ነው» የተባለበት ችሎት ማን ሰምቶ ያውቃል? በዚህ ነጥብ ኮሚሽኑ ትልቅ አጋጣሚ አምልጦታል።

ከመጋቢት 1993 እስከ 2008 ስንት ዓመት ነው? 15 ገደማ። የ13 ዓመቷ ልጅ ትልቅ ሴት ሆናለች። ሕግን ስለመጠቀም የሚያወራ ሰው ይህን መደበቅ የለበትም። ሰውን «አይዞሽ፣ እንከሳለን» ከማለት በፊት «ይህ ነገር የወጣትነት ዕድሜሽን ሊወስድ ይችላል» ማለት ያስፈልጋል። ለመላው ማኅበረሰብ የሚጠቅም ክስ ለመሥራት ብሎ አንድን ሰው በጉልበቱ ከሚችለው በላይ መጎተት ሌላ በደል ነው። ባለጉዳዩ «በቃኝ» ካለ በቃው ማለት ነው፣ ጉዳዩ ምንም ያህል ለታሪክ የሚሆን ቢመስልም።

ባንጁል መልስ እስኪሰጥ ድረስ ግን አገር ቤት ዝም ተብሎ አልተቀመጠም። ከዚህ ጉዳይ በፊትም፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ እዚያው አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ተኩሳ ገድላ በነፍስ ግድያ ተከሳ ነበር። ማኅበሩ ጥብቅና ቆመላት፣ ራሷን ስትከላከል ነው ተብሎም ነጻ ወጣች። ጉዳዩ አገር ያወቀው ሆነ። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ መሪነት እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን በአንድ እጁ፣ የሕግ ለውጥ ጥያቄን በሌላ እጁ ይዞ ነበር የሚሠራው። ሌሎችም ብዙ ሴቶችና ማኅበራት አብረው ጮኸዋል።

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ። የሴት ልጅ ማግቢያ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አለ። ቀድሞ «ባል የቤተሰቡ ራስ ነው» ይል የነበረው ሕግ ቀርቶ ባልና ሚስት እኩል ሆኑ። ከዚያ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ መጣ፣ ከግንቦት 1997 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ጠለፋ በአንቀጽ 587 ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። በዚያው አንቀጽ ጠላፊው በኋላ ማግባቱ ከክስ እንደማያድነው በግልጽ ተጻፈ። ያ ቀዳዳ ተደፈነ። ወረቀት አስፈርሞ ማምለጥ በሕግ ቀረ።

እንግዲህ ነገሩን ሳየው ሦስት ዓይነት ሥራ አንድ ላይ ሲሄድ ነው የሠራው። አንዲት ልጅ «አልስማማም» አለች። ጠበቆች ጉዳዩን በየችሎቱ ይዘው ዞሩ። ሌሎች ደግሞ በየስብሰባው፣ በሬዲዮው፣ በምክር ቤቱ ሕጉ እንዲቀየር ወተወቱ። ክሱ ብቻውን ቢሆን ካሳ ያስገኝ ይሆናል እንጂ ሕጉን አይለውጠውም ነበር። ውትወታው ብቻውን ቢሆን ደግሞ «እንዲህ ዓይነት ችግር የት አለ?» ለሚለው ባለሥልጣን የሚታይ ሰው አይኖረውም።

ለዚህ ነው መዝገቡን የሚይዘው ድርጅት ሲዳከም ጉዳቱ የድርጅቱ ብቻ የማይሆነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብዓዊ መብት፣ በሴቶች እኩልነት፣ በፍትሕ ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳቡ ታገደበት፣ ብዙ ሠራተኞቹንም አጣ። በየክልሉ ነጻ የሕግ ምክር ፈልገው ይመጡ የነበሩ ሴቶች ሲመጡ በሩ ተዘግቶ አገኙት። ሕጉ የሚናገረው ስለ ገንዘብ ምንጭ ነው፤ ዱላው ያረፈው ግን ባሏ ደብድቦ ከቤት ያባረራት፣ ጠበቃ መግዣ የሌላት ሴት ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ 1113/2011 ያንን ክልከላ አነሳው። ትልቅ እፎይታ ነበር። ከዚያ ወዲህም፣ በ2017 ዓ.ም.፣ የተለያዩ የመብት ድርጅቶች ታግደው ነበር፤ ስለዚህ ጉዳዩ ያለቀለት አይደለም።

መንገዱ ሁልጊዜ በአንድ ሰው በደል ብቻ አይጀምርም። አንዳንዴ መመሪያውን ራሱን ነው መክሰስ። ጥሩ ምሳሌ ያለው እስራኤል ካሉት ወገኖቻችን ዘንድ ነው። እዚያ ጠበቃ የሚባል ድርጅት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ተቋቁሞ ለቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ነጻ የሕግ አገልግሎት ይሰጣል። ኢትዮጵያዊ መልክ ያላቸው ወጣቶች መንገድ ላይ፣ ፓርክ ውስጥ፣ ሰፈራቸው በር ላይ ሳይቀር በፖሊስ እየተያዙ «መታወቂያ አምጣ» መባላቸው የዘወትር ነገር ሆኖ ነበር። ፖሊስ ይመካ የነበረው ያለ ምንም ጥርጣሬ መታወቂያ መጠየቅ በሚፈቅድለት የውስጥ መመሪያ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2019 ወጣቱ አደባባይ የወጣው ለዚህና ለመሰሉ በደል ነው።

አንድ ወጣት «መታወቂያ ጠየቁኝ» ብሎ ብቻውን ቢከስ ምን ያገኛል? ምናልባት ይቅርታ። «ጠበቃ» እና ሌሎች የመብት ድርጅቶች ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2019 በቀጥታ መመሪያውን ይዘው ወደ እስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄዱ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ጥር 2021 ላይ ፖሊስ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሳይኖረው ሰውን አስቁሞ መታወቂያ እንዲጠይቅ የሚያደርገው መመሪያ ሕጋዊ መሠረት የለውም አለ። ፖሊሱ በማግሥቱ ልቡ ተለወጠ አልልም። ግን ልጁ «ለምን ትይዘኛለህ?» ሲል ከጀርባው የከፍተኛ ፍርድ ቤት ቃል አለ፤ የያዘው ፖሊስም ምክንያቱን ማስረዳት ግድ ሆነበት።

መሬትም ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ጎረቤታችን ኬንያ ታስተምረናለች። በማው ደን ውስጥ በአደንና በማር የሚኖሩ ኦጊየክ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የኬንያ መንግሥት «ደኑን ለመጠበቅ» በሚል በ30 ቀን ውስጥ እንዲወጡ ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው። እነሱም በድርጅታቸውና በሌሎች ደጋፊዎች በኩል ባንጁል ከሰሱ፣ ኮሚሽኑም ጉዳዩን ታንዛኒያ አሩሻ ወዳለው የአፍሪካ ፍርድ ቤት አሻገረው። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017 ላይ ኦጊየኮች መብታቸው ተጥሷል ብሎ ፈረደ። ደኑ መመናመኑ እውነት ቢሆንም ያመናመኑት እነሱ መሆናቸውን መንግሥት አላሳየም አለ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2022 ደግሞ 157,850,000 የኬንያ ሽልንግ ካሳ እንዲከፈላቸውና መሬታቸው በጋራ በስማቸው እንዲመዘገብ ወሰነ። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2023፣ ኦጊየኮች እንደገና ከማው ደን ሲፈናቀሉ ታይቷል።

ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። ፍርድ ካልተፈጸመ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ስለዚህ ክስ የሚጀምር ማኅበረሰብ ለፍርዱ ማግሥትም መዘጋጀት አለበት። ፍርዱን ማን ይከታተላል? ለጋዜጠኞች ማን ይናገራል? መንግሥት ሪፖርት ሲያቀርብ ማን ተነስቶ «ይህ አልተፈጸመም» ይላል? ኦጊየኮች በዚህ በኩል ጎበዞች ናቸው። ፍርዱ በእጃቸው ስላለ ዛሬ የሚጠይቁት መብት እንዲሰጣቸው ሳይሆን የተፈረደላቸው እንዲፈጸም ነው፤ በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። በነገራችን ላይ ኢትዮጵያ የአሩሻውን ፍርድ ቤት ፕሮቶኮል ፈርማለች እንጂ አላጸደቀችም። ለእኛ ያለው የአህጉሩ ዋና መንገድ ባንጁል ነው።

ወደ አገር ቤት ሕግ ስንመለስ፣ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው አንቀጽ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብትን ሲደነግግ ለራስ ብቻ ሳይሆን ለቡድንም መክሰስ ይቻላል ይላል። ማኅበር ለአባላቱ፣ ወይም ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸውን ሰዎች የሚወክል ግለሰብ ለሁሉም መቆም ይችላል። በአካባቢ ብክለት ጉዳይ ደግሞ አዋጅ 300/1995 ከዚህም አልፎ፣ በግሌ ተጎድቻለሁ ማለት ሳያስፈልግ ማንም ሰው እንዲከስ ይፈቅዳል። በዚህ አዋጅ ተመርኩዞ አክሽን ፕሮፌሽናልስ የተባለ የመብት ማኅበር ስለ አቃቂና ሞጆ ወንዞች ብክለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከስሶ ነበር። ፍርድ ቤቶቹ አልተቀበሉትም። እኔ ያ ክስ በመሞከሩ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያዎቹ ክሶች ብዙ ጊዜ ይወድቃሉ፤ የሚቀጥለው ጠበቃ ግን የት ላይ እንደወደቁ አንብቦ ነው የሚገባው።

አሁን ወደ ተራው ሰው እንምጣ። በነጻ የሕግ ድጋፍ ቢሮዎች ደጃፍ የሚታይ ነገር አለ። ሰው ጉዳዩን በፌስታል ይዞ ይመጣል። ፌስታሉ ሲገለበጥ ከቀበሌ የተጻፈ ደብዳቤ፣ አራት ቦታ ታጥፎ እጥፉ ላይ የተቀደደ የሐኪም ወረቀት፣ ቀኑ ያለፈ መጥሪያ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ስልክ የተጻፈበት ቁራጭ ይወጣል። የፍርዱ ግልባጭ ግን የለም። «ተፈርዶብኛል» ይላሉ፤ ምን ተብሎ፣ በየትኛው አንቀጽ፣ መቼ፤ ወረቀት የለም። ይግባኝ ደግሞ ቀን አለው። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ 60 ቀን ነው። ሰው በእርቅ ተስፋ፣ በዘመድ ምክር፣ በገንዘብ ፍለጋ ሁለት ወሩን ይጨርሰዋል፤ ከዚያ ምንም ያህል እውነት ቢኖረው በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። በሕግ ማጣት ሳይሆን በቀን ማለፍ የተበሉ ሰዎች ቁጥር ያሳዝነኛል።

ጠበቃ መቅጠሪያ የለኝም ለሚል ሰው መንገዶች አሉ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሕግ ትምህርት ቤቶቻቸው በኩል ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ከፍተዋል። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ይቀበላል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ ክስ እንዲያቀርብ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል፤ ይህን ሬጅስትራሩ ላይነግራችሁ ይችላል፣ እናንተ ጠይቁ። ጉዳዩ የብዙ ሰው ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ አንድ መንደር ሙሉ ያለ ካሳ ቢነሳ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ከመሮጥ ተሰብስባችሁ አንድ ማስረጃ፣ አንድ ጠበቃ፣ አንድ መዝገብ ያዙ። ለብቻው የመጣ ሰው «ነገ ተመለስ» ይባላል። ሃምሳ ሰው አንድ ላይ ሲመጣ ነገ ተመለሱ ማለት ይከብዳል።

የመደፈር ጉዳይ ሲሆን ሁሉም ነገር ፍጥነት ነው። ሳይታጠቡ፣ ልብስ ሳይቀየር ሆስፒታል። ልብሱን በወረቀት ጠቅልሎ ማስቀመጥ። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት። አዲስ አበባ ላይ ጋንዲ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና የሕግ ድጋፉን አንድ ቦታ ያገናኘ ማዕከል አለው። ተጎጂዋ በሰው ፊት መናገር ከፈራች ጉዳዩ በዝግ ችሎት እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። እባካችሁ፣ ሽማግሌ ልከው «በእርቅ እንጨርሰው» ሲሏችሁ እሺ ከማለታችሁ በፊት ይህን እወቁ፤ አስገድዶ መድፈርና ጠለፋ የቤተሰብ ጠብ አይደሉም፣ ሽማግሌ ስላስታረቀ ወንጀሉ አይሰረዝም። ሽማግሌዎቻችንን አከብራለሁ። በድንበርና በውርስ ስንቱን አገላግለዋል። የልጅ ገላ ላይ ግን ማንም ሊታረቅላት አይችልም።

ፍርድ ሲሰጥ ደግሞ፣ ብታሸንፉም ብትሸነፉም፣ ከችሎት እንደወጣችሁ በቀጥታ ወደ መዝገብ ቤት ሂዱና ማኅተም ያለበት የፍርድ ግልባጭ ጠይቁ። የጠየቃችሁበትን ቀን ጻፉ። ግልባጩን የተቀበላችሁበትንም ቀን ጻፉ። ፎቶ አንሱት፣ ለምታምኑት ሰው በቴሌግራም ላኩለት፣ ዋናውን ከፌስታል አውጥታችሁ ማኅደር ውስጥ አስገቡት። የይግባኙ ቀን መቁጠር ጀምሯል።